መጫወቻው ያረዳኝ መርዶ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ማይክራፎኑን የለመንኩት ጌታ ያደረገልኝን አፌን ሞልቼ ልናገር ነው። ተናድጄ ነው የቆምኩት፣ ታገሡኝ። ሃሌ ሉያ!

እዚህ ጉባኤ ሁለት ዓመት ተመላልሻለሁ። ከሰፈሬ ከጊቫት ሃሞሬ በአውቶቡስ እመጣለሁ፣ እዘምራለሁ፣ እመለሳለሁ። ጌታን በአፌ ነበር የማውቀው እንጂ በልቤ አልነበረም። ልቤም ታመመና ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ሮፌው፣ ሐኪሙ፣ ታናሽ እህቴን ትርንጎን ጠርቶ፣ "አንድ ወር ሙሉ እንዳትደነግጥ፣ እንዳትናደድ" ብሎ አስጠነቀቃት። እኔን እንዳልናደድ! ውሃን አትፍሰስ እንደ ማለት ነው።

ከሆስፒታል ስወጣ ስልኬ የለም። "ተበላሽቶ ለጥገና ሰጥቼዋለሁ፣ እታለም" አለችኝ። ኮምፒውተሩም የለም፤ እሱንም ዘመድ ተውሶታል ተባለ። እሺ ብዬ ተኛሁ። ትርንጎ በየቀኑ ከቤቷ ከአፉላ ኢሊት እየመጣች ታጥበኛለች፣ ሾርባ ታጠጣኛለች፣ ታስቀኛለች።

አንድ ቀን ጠዋት ብቻዬን ሳለሁ መዝሙር አማረኝ። ልጄ ወደ ጻቫ፣ ወታደር ቤት ማለቴ ነው፣ ከመግባቷ በፊት ፕሌይስቴሽኗን ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዛ ኢንተርኔት እንዴት እንደሚከፈትበት አሳይታኝ ነበር። ስልኬን የደበቁት ሰዎች ያንን ዕቃ መጫወቻ ነው ብለው ትተውታል። ከፈትኩት፤ መዝሙር ስፈልግ ፌስቡክ ውስጥ ገባሁ። ወገኖቼ፣ የእናቴ ፎቶ! እኛ እስራኤል ስንመጣ ጎንደር የቀረችው እናቴ፣ ግድግዳ በሚያህል ቴሌቪዥን ላይ፣ ከሥሯ የሞተችበት ቀንና "ነፍስ ይማር" ተጽፎ! ሰውን ሽማግሌ ነው በማለዳ መጥቶ፣ ዘመድ ከግራ ከቀኝ ደግፎት የሚያረዳው። እኔን መጫወቻ አረዳኝ!

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። እንባ እንኳ አልመጣልኝም። ከሞተች አሥራ ሁለት ቀኗ! እናቴ አፈር ለብሳ እኔ ሾርባ እየጠጣሁ እስቃለሁ! "ትርንጎ፣ ከእንግዲህ እህት የለኝም፣ ደጄን እንዳትረግጪ" ብዬ ልጽፍላት ተነሣሁ። ያ ዕቃ ደግሞ የአማርኛ ፊደል የለውም። በዕብራይስጥ ፊደል፣ በጆይስቲክ ወደ ቀኝ ወደ ግራ እያልኩ አንድ በአንድ እለቅማለሁ። እየተሳደብኩ እሳሳታለሁ፣ እየደመሰስኩ እንደ ገና እጀምራለሁ።

ስሟን ጽፌ ሳልጨርስ ጌታ ያዘኝ። አሥራ ሁለት ቀን ማለት እኮ ከሆስፒታል የወጣሁበት ቀን ነው! ያን ቀን ጸጉሬን ስታጥበኝ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። "ምነው?" ስላት፣ "የማዝጋኑ ብርድ ነው ጉሮሮዬን የያዘኝ" አለችኝ። ምን ማዝጋን፣ ምን ማቀዝቀዣ! እናቷ ሞታባት ነው! የእኔ እናት የእሷም እናት አይደለችም ወይ? የት ሄዳ አለቀሰች? አውቶቡስ ውስጥ? "ጌታ ሆይ፣ ክፉዋ እኔ ነኝ፣ ይህን ድንጋይ አውጣልኝ!" ብዬ ጮህኩ። ሮፌው ልቤን ጠግኖት ነበር፤ ኢየሱስ የገባበት ግን ያን ዕለት ነው። ክብር ለስሙ!

ጆይስቲኩን ወርውሬ አፉላ ኢሊት ሄድኩ። በሩን ከፍታ ፊቴን ስታይ ገባት። "እታለም፣ አንቺም ትሞችብኛለሽ ብዬ እኮ ነው" አለች።

"አልቅሺ" አልኳት።

ወገኖቼ፣ አሥራ ሁለት ቀን የታመቀው ሲወጣ! ጎረቤቷ፣ "ማ ካራ? ምን ሆናችሁ? ፖሊስ ልጥራ?" እያለች በሩን ደበደበችው። ደረቴን ይዤ አብሬያት ጮህኩ፤ አልሞትኩም። በማግሥቱ ሮፌው መረመረኝና፣ "ልብሽ ደህና ነው" አለኝ። ሃሌ ሉያ! ዛሬ በሕይወት አለሁ፣ እህትም አለኝ። ጌታዬን አመሰግነዋለሁ።

ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። በራሴ ተናድጃለሁ፣ በእናንተም ተናድጃለሁ! እዚሁ ተኳርፋችሁ ወንበር እየዘለላችሁ የምትቀመጡ አላችሁ። በመዝሙር ጊዜ እጅ ታነሣላችሁ፣ በር ላይ ፊት ታዞራላችሁ። ያ የጠላችሁት ሰው ስለ እናንተ ምን ውጦ ዝም እንዳለ በምን ታውቃላችሁ? ጌታን እመኑት፤ የፈራችሁትን በር አብሯችሁ ያንኳኳል።

ትርንጎ ገና አላመነችም። ዛሬ እኔን ደግፋ መጥታ ያው ከኋላ ተቀምጣለች። ስንወጣ ልትስሟት እንደምትሻሙ አውቃለሁ። የተኳረፈ ሰው ግን እህቴን አይሳማት፤ መጀመሪያ ሄዶ የራሱን ይሳም።