ሳይዘጋ የተውኩት ኮፈን

ሥራ የገባሁት የወንድሜን ቱታ ለብሼ ነው። እጅጌው ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎም መዳፌን ይሸፍነው ነበር። ወንድሜ ካሳ ጎንደር ባለ አንድ ጋራዥ መካኒክ ነበር። በደርግ ዘመን አንድ ጠዋት «ቀበሌ ትፈለጋለህ» ተብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። ሬሳውንም አላየን። ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ስለነበር እናቴ በሯን ዘግታ አለቀሰች። እኔ ደግሞ በሳምንቱ ጋራዡ ሄጄ «የሱን ሥራ ስጡኝ» አልኩ።

ዋና መካኒኩ አያ በላቸው ይባሉ ነበር፤ ሙያውን ለጣሊያኖች ዕቃ እያቀበሉ የተማሩ የጎንደር ሰው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ሴት ልጅ መኪና ሥር ስትተኛ አይቼ አላውቅም» አሉኝ።

«እኔም ወንድም የሌላት ሴት ሆኜ አላውቅም ነበር» አልኳቸው።

እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍሉን ቁልፍ አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡት።

ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያስተማረኝ ያ ክፍል ነው። ካንዴላውን፣ የፍሪሲዮን ሸራውን፣ የፍሬን ሸራውን በመደርደሪያ እየደረደርኩ፣ የሚያረጀውንና ለምን እንደሚያረጅ ለየሁ። የፈረንጅ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ሥዕል እያየሁ ሞተር በልቤ ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ከዕቃ ጠባቂነት ረዳት፣ ከረዳትነት መካኒክ ሆንኩ። በኋላ አያ በላቸው ዓይናቸው ሲደክም ያገለገለ መኪና መመርመሩን ለኔ ተዉልኝ።

በዚያን ጊዜ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው አልነበረም። ያለው የሄደ ሰው መኪና ነው፤ ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ፣ የተሰደደ፣ የታሰረ። ገዢ መኪናውን ይዞ ይመጣል፣ እኔ እመረምራለሁ።

መሣሪያዬ ሁለት ነበር፤ በጨርቅ የጠቀለልኩት ማግኔትና አንድ ረጅም ሲባጎ። ማግኔቱን በመኪናው ጎን ላይ አስኬደዋለሁ። ላሜራ ከሆነ ይይዛል። ተጋጭቶ በስቱኮ ከተሞላ ይወድቃል። ሲባጎውን ደግሞ ከፊት ግራ ጎማ መሀል እስከ ኋላ ቀኝ ጎማ መሀል እወጥረውና ቋጠሮ አስራለሁ። ቀጥሎ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ። ቋጠሮው ልክ ካልመጣ ሻንሲው፣ መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ብረት፣ ተጣሟል ማለት ነው። የተጣመመ ሻንሲ ብየዳ ያቀናዋል፤ ግን አያድነውም። በዝግታ ስትነዱት ሸጋ ነው። በፍጥነት ላይ ፍሬን ስትይዙ ወዳንድ ወገን ይጎትታችኋል።

የጋራዡ ደንብ ይህ ነበር፦ መርማሪ በሻጭ ፊት አፉን አይከፍትም። አያ በላቸው በወጣትነታቸው «ይህች መኪና የተገለበጠች ናት» ብለው ተናግረው፣ የሻጩ ወንድሞች መንገድ ጠብቀው ጥርሳቸውን አርግፈውታል። ከዚያ ወዲህ የምንናገረው በኮፈን፣ በሞተሩ ክዳን፣ ነው። መኪናዋ ደኅና ከሆነች መርማሪው ኮፈኑን ራሱ ይዘጋና እጁን እላዩ ላይ ያሳርፋል። ደኅና ካልሆነች ኮፈኑን ክፍት ትቶ እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። ገዢው ምልክቱን አስቀድሞ ይነገረዋል። ሻጩ ምንም ሳይሰማ ገበያው ይፈርሳል፤ ሁሉም በሰላም ይለያያል።

ሲስተር ትርንጎ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ከጎንደር እየተመላለሰች ማክሰኝት ጤና ጣቢያ የምትሠራ። እናቷ እመት ስንዱ ጎንደር ከሷ ጋር፣ ዓይናቸው ፈዞ ይኖሩ ነበር፤ ቀን ቀን ብቻቸውን ይውላሉ። ማታ ማታ እሳት የሚያነድላቸው ሌላ ሰው የለም። አውቶቡሱ ደግሞ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ሰዓት እላፊ ከገባ አዘዞ ኬላ ላይ ያስቀሩሻል፤ አንዳንዴም ጥይቱ ከጥያቄው ይቀድማል። ሁለት ጊዜ ኬላው ላይ አድራለች። እዚያ ስላደረችባቸው ሌሊቶች አንድም ቀን አላወራችም።

የአባቷን ከብትና የራሷን ወርቅ ሸጣ መጣች። «ጥሩዬ፣ የምትሮጥ መኪና ምረጭልኝ» አለችኝ።

«ለየቀኑ መንገድ የምትሮጥ ሳይሆን የምትደርስ ነው የምትመረጠው» አልኳት።

«ያላንቺ ማን ያውቃል! ግን ልሩጥባት፤ ማርያምን፣ አንድ ቀን እንኳ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ ልግባ።»

በከተማው ለሽያጭ የቀረቡት ሁለት ነበሩ። ሁለቱም የኋላ በራቸው እንደ ሳጥን ክዳን ወደ ላይ የሚከፈት፣ አጫጭር መኪኖች፤ እኛ ጋራዥ «ጭራ ቆራጣ» እንላቸው ነበር። ሲያዩዋቸው የቤት መኪና ይመስላሉ፤ ሞተራቸው ግን ለውድድር የተሠራ ነው። ነጯ የአንድ መምህር ነበረች። ፍሪሲዮኗ አልቋል፣ በሮቿ ዝገዋል፣ የጎሃን ዳገት እያቃሰተች ወጣች። ሲባጎዬ ግን ልክ መጣ፤ ማግኔቴም የትም አልወደቀ። ኮፈኗን ዘግቼ እጄን አሳረፍኩባት።

«ይቺ አሮጊት ናት እኮ!» አለች ትርንጎ እየሳቀች። «እናቴን ተሸክሜ ሌላ አሮጊት ልጨምር?»

«ፍሪሲዮን እቀይርልሻለሁ። ሦስት ቀን ስጪኝ።»

ቀይዋን ያመጣት ጓድ አድማሱ ነው፤ የአብዮት ጥበቃ ሰው፣ ሽጉጥ ወገቡ ላይ። የማን እንደነበረች አልጠየቅንም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ሞተሯ ሲነሳ አያ በላቸው እንኳ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። የጎሃን ዳገት እንደ ሜዳ ወጣችው። ትርንጎ ከመሪው ወርዳ ጉንጯን በሁለት እጇ ያዘች፤ እንደ ልጅ።

ማግኔቴን አስኬድኩ። በግራ በኩል ከፊት ጎማው በላይ ወደቀ። ሲባጎዬን ወጠርኩ። ቋጠሮው በሦስት ጣት አልገጠመም። ተንበርክኬ ሥሯን በባትሪ አየሁ፤ ሻንሲው ላይ ብየዳ አለ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የተሸፈነ። ተነሣሁ። ኮፈኑን ክፍት ትቼ ወደ ቧንቧው ሄድኩ።

ትርንጎ በዚያች ደቂቃ በሩ ላይ ነጯን መኪና ካመጣው መምህር ጋር ትነጋገር ነበር፤ ፊቷን አዙራ። እጄን በሳሙና እያሸሁ ከኋላዬ ጓ ሲል ሰማሁ። ጓድ አድማሱ ኮፈኑን በአንድ እጁ ጥሎ ዘግቶት ኖሯል። እጁንም እላዩ ላይ አሳርፎ ቆሟል። ደንባችንን አያውቅም ነበር፤ ገበያውን ሊጨርስ ስለቸኮለ ብቻ ነው የዘጋው።

ትርንጎ ዞረች፤ የተዘጋውን ኮፈን አየች። ፊቷ በራ። እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ። «ቀይዋን አልሽኝ! ዘጋሽው አይደል? አላልኩሽም?»

እጄ ላይ ሳሙናው እንዳለ ነው። አፌን ልከፍት ስል ጓድ አድማሱ ቀስ ብሎ ተጠጋ።

«እህታችን ደስ ብሏታል» አለ። «ባለሙያዋስ ምን ትላለች? የካሳ እህት ነሽ አይደል? እዚሁ ይሠራ የነበረው?»

አያ በላቸውን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ።

«ሞተሯ ሸጋ ነው» አልኩ።

ስለ ሞተሩ እውነቴን ነበር። በሙያዬ የተናገርኩት ትልቁ ውሸት እሱ ነው።

ትርንጎ ቀይዋን ገዛች፤ ማታውኑ ቤቷ ሄጄ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። አልሄድኩም። መኪናዋን ብትመልሳት ጓድ አድማሱ «ማን ነገረሽ?» ይላታል፤ ያን ፈራሁ። በሳምንቱ ሄድኩ። እመት ስንዱ እሳት ዳር ተቀምጠው፣ ትርንጎ እግራቸውን በሙቅ ውሃ ታጥባለች። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም።

«ጥሩዬ፣ እይልኝ! ይኸው በቀን ገባሁ!» አለችኝ። እናቷ ደግሞ እጄን ፈልገው ይዘው፣ «የኔ ልጅ፣ አንቺ ነሽ አሉ የመረጥሽላት። የካሳን ነፍስ ይማርልሽ» ብለው መረቁኝ።

በዚያ ምርቃት ላይ ቃሉን ማውጣት አቃተኝ። ስትሸኘኝ በር ላይ፣ «ቀስ ብለሽ ንጂ፤ ፍሬን ስትይዢ አትጎትትሽም?» አልኳት።

«ትንሽ ወደ ግራ ትላለች። ምነው?»

«ቅዳሜ አምጫት፣ ልያት። እስከዚያ በዝግታ።»

«በዝግታ ከሄድኩ ሰዓት እላፊው ይጠብቀኛል?» ብላ ሳቀች።

ቅዳሜ አልደረሰችም። ሐሙስ ወደ ማታ ስትመለስ፣ ከፀዳ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ላይ ከብት መንገድ ገባባት። ፍሬን ያዘች። መኪናዋ ወደ ግራ ጎተተቻት፤ ከግራ ደግሞ እህል የጫነ መኪና ይመጣ ነበር። እረኛው እንደነገረን ከብቶቹን አንዷንም አልነካችም።

ቀይዋን ጎትተን ያመጣናት እኔና አያ በላቸው ነን። ሥሯን አየሁ። ብየዳው ሲባጎዬ በነገረኝ ቦታ ላይ ተከፍቷል፤ በጥቁሩ ቀለም ውስጥ ብረቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። ትራፊክ ፖሊሱ የባለሙያ ቃል ጠየቀኝ።

«ጥሩዬ፣ ፍጥነት ነው ብለሽ ፈርሚ» አሉኝ አያ በላቸው በሹክሹክታ። «የሞተች አትመለስ። አንቺ እንደ ካሳ ትሄጃለሽ።»

«ሻንሲው ከሽያጩ በፊት ተሰብሮ የተበየደ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ፖሊሱ አነበበው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ይህን የጠየቀሽ የለም» አለኝ። በሌላ ወረቀት በራሱ እጅ «ከመጠን ያለፈ ፍጥነት» ብሎ ጻፈ። ዘግይቶ የመጣ እውነቴ እዚያ ኪስ ውስጥ ቀረ። እኔንም ማንም አልነካኝም፤ ላልታየ ወረቀት ማን ይነካኛል።

ከአርባዋ በኋላ እመት ስንዱ በጎረቤት ተመርተው ጋራዥ መጡ። የትርንጎ ቦርሳ መኪናው ውስጥ ቀርቶ ነበር። አውጥቼ ሰጠኋቸው። በጣታቸው ሲዳብሱት ቆዩና፣ «ልጄ ትሮጥ ነበር ይላሉ። እውነት ነው?» አሉኝ።

ጓድ አድማሱ በዚያ ሰዓት በራችን ላይ ከሰው ጋር ቆሞ ነበር። እንደሚሰማኝ አውቃለሁ።

«መኪናዋ የተሰበረች ነበረች፣ እመት» አልኩ ድምፄን ሳልቀንስ። «ገና ሳትገዛት አይቻለሁ። ሞተሯ ሸጋ ነው አልኳት።»

አያ በላቸው መፍቻው ከእጃቸው ወደቀ። ጓድ አድማሱ ዞሮ አየኝ፤ ሄደ። በማግስቱ ቀበሌ ተጠርቼ አምስት ወር ታሰርኩ። የዚያን ታሪክ ሌላ ቦታ የሚናገሩት አሉ፤ ከኔ የባሰ ያዩ።

እመት ስንዱ ያን ቀን አላለቀሱም። ቦርሳውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ምነው ያን ለት ይህን ድምፅሽን ብታወጪው?» አሉኝ።

ስፈታ አያ በላቸው ሥራዬን ጠብቀው ቆዩኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ ድረስ መኪና ስመረምር በኮፈን አልተናገርኩም። ያገኘሁትን፣ ሻጩ ቆሞ፣ ገዢው ቆሞ፣ ባፌ እናገር ነበር። ሁለት ጊዜ ተመትቻለሁ፤ ብዙ ደንበኛ ሸሽቶኛል።

በዚህ ሙያ ያላችሁ ልጆች፣ ሲባጎ አይዋሽም፤ ግን አይናገርም። የሚናገረው የያዘው ሰው ነው። ብየዳ ካያችሁ ገዢው ሳይከፍል በፊት፣ በቃላችሁ፣ ንገሩት።