እትዬ ፅዱ እና የበርሜሉ ውሃ

«እትዬ ፅዱ ቤት ዝንብ እንኳ እግሯን ታጥባ ነው የምትገባው» ይላሉ ጎረቤቶቻቸው። ስሙን ያወጡላቸውም እነሱው ናቸው፤ እትዬ ፅዱም አልጠሉትም። ዕድሜያቸውን የፈጁት በሆስፒታል ጽዳት ነው። የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ወለል ሲወለውሉ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ይዘውት የወጡት የተላላጠ መዳፍና አንድ የማይነቃነቅ እምነት ነበር፦ ጀርም አይታይም፤ ስለዚህ ሳያዩት መግደል ነው።

ልጃቸው ከጨርቅ ማቅለሚያው ፋብሪካ ወደ ቤት የተመለሰችው ደረቷን ታማ ነው። የቀለሙ ተን ሳንባዋን ልጦት፣ ከጓዳ እስከ በር ስትሄድ እንደ አሮጊት ግድግዳ ትደገፍ ነበር። እናትየው ያንን ሳል እየሰሙ ቁጭ ብለው ያነጋሉ።

«ሁለተኛ እዚያ አትመለሽም» አሉ።

«ታዲያ አየር ልብላ እማዬ? እሱም እኮ ጠፍቶብኛል» ብላ ሳቀች፤ ሳቁም ሳል ሆነ።

መልሱ ከግቢው ጀርባ የተገኘ፣ ነፋስ እንደ ልቡ የሚገባበት ቆርቆሮ ቤት ሆነ። የሥጋ ዶሮ ጀመሩ። ገዢ የሆናቸው የሆቴሉ ሼፍ ደግሞ ገና ሲያዝዝ ነው የቆረጠው፦ «መድኃኒት የቀመሰች ዶሮ ደጄ እንዳትደርስ።» ስለዚህ ልጅቷ የእንስሳት ሐኪሙን አማከረች። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አድርቃ ትፈጭና ከመኖው ጋር ትለውሳለች። ውሃቸው ላይ ደግሞ ከሐኪሙ የምትገዛውን ነጣ ያለ ዱቄት ትበጠብጣለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጥሩ ባክቴሪያ ነው እማዬ። አንጀታቸው ውስጥ ሰፍሮ ለመጥፎዎቹ ቦታ ያሳጣቸዋል።»

«እኔን አፈር ያብላኝ! ጀርም ገዝተሽ ታጠጫለሽ?»

ልጅቷ ሳቀች፤ ነገሩም በሳቅ አለፈ። ደግሞስ ማን ይከራከራል? የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች አምሮባቸው አድገው፣ ሼፉ አንዷን በእግሯ አንጠልጥሎ «ይቺ ናት ዶሮ!» ብሎ ሄደ። ልጅቷም ሳሏ እየቀለላት መጣ። እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ጠገቡ።

ሁለተኞቹ ጫጩቶች ሲገቡ እስከዚያ ውሃ የሚቀዱበት የጉድጓድ ፓምፕ ተበላሸ። ውሃ በቦቴ እየመጣ በርሜል ውስጥ መቀመጥ ግድ ሆነ። አንድ ቀን እትዬ ፅዱ በርሜሉን ጎንበስ ብለው ቢያዩት ጎኑ አረንጓዴ አውጥቷል። ዘገነናቸው። ለማንም አልነገሩም፤ ምን ይነገራል? ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየማለዳው፣ ልጃቸው ሳትነሳ፣ በረኪና ጠብ ያደርጉበት ጀመር። ዱቄቱም ቢሆን ንጹህ ውሃ ይሻለዋል ብለው።

ዶሮዎቹ መጀመሪያ መብላት ቀነሱ። ከዚያ ከሥራቸው የተነጠፈው ሰጋቱራ በኩሳቸው ረጠበ፣ ላባቸው ተንጨፈረረ፣ ጠዋት በሩ ሲከፈት የማይነሱት በዙ። ልጅቷ ሽንኩርቱን ጨመረች፣ ዱቄቱን ጨመረች። «ሰውየው የተበላሸ ዱቄት ነው የሸጠልን» እያለች ሐኪሙን በሰፈሩ ሁሉ ረገመችው። እትዬ ፅዱ ግን በረኪናውን ጨመሩ።

ሐኪሙ እርግማኑን ሰምቶ ራሱ መጣ። የሞተች ዶሮ ሆዷን ሰንጥቆ የተነፋውን አንጀት አየ፤ ዱቄቱን አየ፤ ደህና ነው። ከዚያ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ቀና ብሎ ሁለቱን ሴቶች ተመለከተ።

«በረኪና ማን ነው የሚጨምረው?»

«እኔ ነኛ!» አሉ እትዬ ፅዱ፣ እንደሚመሰገን ሰው። «አንድ ቀን አላጎደልኩም።»

ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ ዱቄቱ እኮ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በረኪናው ገና በርሜሉ ውስጥ እያለ ጨርሶታል። አንጀታቸው ያለ ጠባቂ ነው የቀረው።» ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ የቀሩትን ማትረፍ የሚችለው አንቲባዮቲክ ብቻ እንደሆነ ነገራት።

ልጅቷ እናቷን አላየቻቸውም። «ስጠኝ» አለች።

ሐኪሙ እንደወጣ እናትየው እጅጌዋን ያዙ። «ለሼፉ ማን ይነግረዋል? እኔና አንቺ ዝም ካልን...»

«እኔ እነግረዋለሁ።»

ነገረችው። ሼፉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አዘነ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሌላ ዶሮ አርቢ ማግኘቱንም አልደበቃትም። የተረፉት ዶሮዎች ከስተው ቀርተው ስለነበር ገበያ ላይ የሚጠይቃቸው እንኳ ጠፋ።

ልጅቷ ወደ ፋብሪካው ልትመለስ ልብሷን ስታጣጥፍ እትዬ ፅዱ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምነው እማዬ አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ?» አለች፣ ቀና ሳትል። ቁጣው አልቆባት ድካም ብቻ ነበር የቀራት።

«ውሃ ሲቆሽሽ ምን እንደሚደረግ ሰው ጠይቄ አላውቅም ልጄ።»

«ሐኪሙን ይቅርታ በይልኝ። እኔ ፊቱን ማየት አፈርኩ።»

«እዚያስ ሳልሽ ቢነሳ?»

«አፌን እሸፍናለሁ።»

ሻንጣውን ሁለቱ ይዘው ወደ መንገዱ ወጡ። ሚኒባሱ መንገዱ ዳር ቆመ፤ ረዳቱ ሻንጣውን ነጥቆ ከላይ ጫነው። እናትየው ልጃቸው ከገባች በኋላ፣ በተከፈተው መስኮት አንድ ጊዜ ስትስል ሰሙ። አቧራው ብቻ ነው አሉ ለራሳቸው፣ መኪናው ከዓይን እስኪሰወር ድረስ። አቧራ እንዳልነበረ ግን መንገዱ ራሱ ይመሰክራል፤ ሲያካፋ ነበር ያደረው።