ጽዋ ይዞ የመረጠልኝ

ባለፈው ሳምንት ቢሯችን አንድ የእንጨት ሣጥን መጣ። ክዳኑ ለፍተሻ ሲነሣ የድኝ ሽታ ወጣና አፍንጫዬን ያዘኝ። ውስጡ ከአሳል ሐይቅ አካባቢ ተቆፍሮ የወጣ፣ እንደ ዱላ የረዘመ ድቡልቡል ድንጋይ ነው፤ ለምርመራ ወደ ውጭ አገር የሚላክ። ጸሐፊዋ "ኡፍ፣ የተበላሸ እንቁላል!" ብላ መስኮት ልትከፍት ሮጠች። እኔ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። የልጅነቴ ሽታ እኮ ነው፣ እንዴት ይጠፋኛል?

ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ የሁለት ዓመቱን ኢንስቲትዩት ጨርሼ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልዛወር ነበር። የሚዛወር ሰው የሚማረውን መምረጥ አለበት፤ ከተመዘገቡ ወዲያ መመለስ የለም። እኔ መርጬ ጨርሻለሁ። የአፈር ትምህርት የምታስተምረን አንዲት አፋር መምህርት አሳል ወስዳን ነበር። ጨዋማው ሐይቅ ዓይናችንን እያጥበረበረው፣ ንፋሱ ፊታችንን እየለበለበው፣ የተሰነጠቀው ጥቁር ድንጋይ ላይ አቆመችን። "ምድር ስትከፈት ለማየት ሰው ከዓለም ዳር እዚህ ይመጣል። እኛ ወደቡን ብቻ ነው የምናየው" አለች በፈረንሳይኛ። ማታ ስንመለስ ቦርሳዬ ድኝ ድኝ ይሸት ነበር፤ ከሐይቁ አጠገብ ካለ ፍልውሃ ዳር አንድ ድንጋይ አንሥቼ ነበራ። ከዚያ ቀን ወዲያ ከጂኦሎጂ ሌላ አላሰኘኝም።

አባቴ የአንድ ትራንዚት ቢሮ ተላላኪ ነበር። የነጋዴ ሰነድ ይዞ ከቡላኦስ ሰፈር ወደ ወደቡ፣ ከወደቡ ወደ ቡላኦስ ሲመላለስ ነው ጉልበቱ ያለቀው። የቢሮው ባለቤት ደግሞ የገብርኤል ማኅበራችን ሙሴ፣ የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው። አያቶቻችን በባቡሩ ዘመን ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ማኅበር፣ በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። የዚያን ወር ጋቦዴ ሰፈር፣ እሙሴው ቤት ነበርን። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ ቀጣዩ ተረኛ አባቴ ጽዋውን ሊረከብ ተነሣ። እኛ ዘንድ ጽዋ የሚረከብ ሰው አንድ ነገር ይሳላል። አንዱ ሻማ ይሳላል፣ አንዱ ዣንጥላ ይሳላል። አባቴ እኔን ተሳለ።

"ልጄ ሎጂስቲክ ተምራ፣ ሙሴያችን ቢሮ ገብታ ለማየት ያብቃኝ!"

እልልታው ቀለጠ። ሙሴው "ወንበሯ ይጠብቃታል" አሉ። እኔ የዳቦ ትሪ ይዤ መሐላቸው ቆሜያለሁ። እናቶች ቁራሻቸውን እያነሡ መረቁኝ፣ ፊቴን ግን አንዳቸውም አላዩም።

ማታ ሰፈራችን ካርትየ ሁለት ከሚኒባስ ወርደን ወደ ቤት ስንሄድ ነገርኩት።

"አባዬ፣ እኔ ጂኦሎጂ ነው የምፈልገው።"

"ድንጋይ?"

"አዎ፣ ድንጋይ።"

መንገዱን ቀጠለ። ከወደብ በኩል የከባድ መኪኖች ጥሩምባ ይሰማል። "ጽዋ ይዤ ተናገርኩ እኮ ልጄ" አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ሲል ተረተ። ለጨዋታ ነው ያለው፤ ሰው ሁሉ ይለዋል። እሱ ግን የወለደው እኔን ብቻ ነበር።

ሰኞ ሄጄ ሎጂስቲክ ተመዘገብኩ። መምህርቷ ስትሰማ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ አለፈች፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩስ እውነትም ጠበቀኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ተቀምጬበታለሁ። ሙሴው አርፈው ልጃቸው አለቃዬ ሆኗል፤ እሱ ሎጂስቲክም ጂኦሎጂም አልተማረ፣ እሱን የተሳለ ሰውም አልነበረ። መርሬያለሁ፣ አልደብቅም። ዘመድ ሁሉ "እንጀራሽን አገኘሽ" ይለኛል። እንጀራውንማ አገኘሁ።

የሣጥኑን ወረቀት እኔው ሞላሁ። የንግድ ዋጋ የለውም ብዬ ጻፍኩ፤ ደንቡ ነው። ማታ ቤት ስገባ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ያኔ ከአሳል ያመጣሁት ድንጋይ ዛሬም በሩን ንፋስ እንዳይዘጋው ይደግፋል፤ ሽታው ከጠፋ ቆይቷል። ስለ ሣጥኑ ሳጫውተው ድምፄ ተሰበረብኝ መሰል፣ ቀና ብሎ አየኝ።

"ይህን ያህል ትወጂው ኖሯል? ታዲያ ምነው ያኔ ሳትነግሪኝ ቀረሽ! ጽዋውን እመልሰው ነበር እኮ። ገብርኤል ለልጅ ብዬ ያደረግሁትን ይቅር ይለኝ ነበር።"

ትክ ብዬ አየሁት። አልዋሸም፣ ከልቡ ነው። መንገዱን፣ ጥሩምባውን፣ ተረቱን፣ ሁሉንም ረስቶታል። እኔ ያንን ማታ ሳላስበው የዋልኩበት ቀን የለም።

አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት።

"ልጅ ነበርኩ አባዬ፣ ፈርቼ ነው" አልኩት።

እጄን ያዘና "አይ ሞኝ ልጅ" ብሎ አዘነልኝ።