ሞርፊን የጠበቅንባቸው ሦስት ቀናት

ልጄን ዓለምነሽን መጀመሪያ ያመማት ወገቧን ነበር። እመንደራችን ገነተ ማርያም ገብስ ስናጭድ ጎንበስ ብላ ቀና ማለት አቃታት። የሥራ ብዛት ነው ብለን አሸናት፤ ጠበልም ተጠመቀች። ከወራት በኋላ ትልቅ ሆስፒታል ስትመረመር የጡት ካንሰር አጥንቷ ውስጥ ገብቷል አሉን። የጡቷን እብጠት ቀድማ ታውቀው ኖሯል፤ አፍራ ሸሽጋኝ ነበር።

ሕመሙ ጠና። ፓራሲታሞል አልያዘላትም። ከእሱ የሚጠነክረው ትራማዶልም ጥቂት ሰንብቶ አቃተው። መተኛት የለም። መቀመጥ የለም። ልብስ ሲነካት ትጮሃለች።

ሐኪሙ፣ «እማማ፣ ከእንግዲህ የሚይዝላት ሞርፊን ነው» ብሎ ጻፈልን። ናርኮቲክ የሚሉት፣ ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ስለሆነ ማዘዣው የተለየ ነው፤ ቁጥር አለው፤ መድኃኒት ቤቱም በመዝገብ ይይዘዋል። መድኃኒት የሚሰጠው ወጣት መታወቂያዋን አየና ወረቀቱን መለሰልኝ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ካርድ ስናወጣ ስሟን ሲጠይቁኝ «ወለተ ሥላሴ» ብያለሁ። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ለጸሎትም ለጠበልም የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

«ስሙ አይገናኝም እማማ። ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ሁለቱም እሷ ናት ልጄ። ውጣና እያት፣ አግዳሚው ላይ ተኝታለች።»

«አምንዎታለሁ። የፈረመው ሐኪም ያስተካክለው።»

ዓርብ ነበር። ሐኪሙ ወጥቷል፤ የሚመለሰው ሰኞ ነው። ተረኛው ሐኪም፣ የሌላ ሰው ማዘዣ መሰረዝ እንደማይችል፣ የራሱ የናርኮቲክ ማዘዣ ጥራዝም እንደሌለው ነገረኝ።

«የነፍስ አባቷን ላምጣ? ይመስክሩ» አልኩት።

«መዝገቡ ቄስ አያውቅም እማማ።»

«እንግዲያው ሕጋችሁ ሕመሙንም እስከ ሰኞ ይከልክለዋ።»

ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ።

ቅዳሜ እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ጮኸች። እሑድ ድምጿ አለቀ። «እማ፣ ተይኝ ልሙት» አለችኝ። እጇን እንኳ መያዝ አልቻልኩም፤ ያማታል።

ሰኞ ሐኪሙን በር ላይ ያዝኩት። ካርዱንም ማዘዣውንም በመታወቂያዋ ስም አስተካከለ፤ ያ ወጣትም ፈሳሹን ሞርፊን አግዳሚው ድረስ ይዞልን መጣ። በየአራት ሰዓቱ እየጠጣች ፊቷ ቀስ በቀስ ተፈታ፤ በሦስተኛው ቀን ሽሮ ቀምሳ ጸጉሬን ሥሪኝ አለችኝ፤ በኋላም ለጨረር ሕክምና ተልካ ስትመለስ አጥንቷን ቀለል ስላላት ዛሬ በምርኩዝ እስከ ደጅ ትወጣለች። ካንሰሩ ግን አልወጣም፤ አልዋሽም።

ሕጉ መድኃኒቱ እንዳይሰረቅ፣ ሰውም ሱስ እንዳይዘው ነው አሉኝ። ይገባኛል፤ ሌባ እኔም አልወድም። አንድ ሐኪም ሲወጣ የሚፈርም ሌላ አይኑር ያለው ግን የትኛው ሕግ ነው? የሆስፒታሉን ኃላፊ ጠየቅኳቸው። «እናየዋለን» አሉኝ። እስካሁን እያዩት ነው።

እግዚአብሔርን፣ ያን ወጣትና ሐኪሙን አመሰግናለሁ። እናንተ በሽተኛ የያዛችሁ፣ ካርድ ስታወጡ የመታወቂያውን ስም ስጡ። ሞርፊን ሆድ ያደርቃልና የሚያለሰልሰውን አብራችሁ ጠይቁ። ሳትጠይቁ በድንገት አታቋርጡ። ጠርሙሱ ሳያልቅ ሌላ ለማምጣት ተነሱ።

የእኛ ጠርሙስ የቀረው ለአራት ቀን ነው። ሐኪሙ መኖሩን ልጠይቅ ሆስፒታሉ ደጋግሜ ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም። ነገ እንሄዳለን።