ዋልካን ልክ ያስገባችው ሴት

በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤቱ የአፈር ምርመራ ክፍል «እትዬ ጭቃ» ነው የሚሏት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥፍሯ ሥር ዋልካ ጠፍቶ አያውቅም። ዋልካ ደግሞ ዓመለኛ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ የተሠራበትን መንገድ ሁሉ አፈር ድሜ ያስግጣል። አለቃዋ መሐንዲሱ «ቆፍሮ መጣል ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም» ባይ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ለመስኮት ደፍ የሚሆን ድንጋይ ልትመርጥ ዋርሳዋ ወደሚሠራበት የእብነ በረድ መቁረጫ ሄደች። ዝናብ ሲወርድ ሰንብቶ ሰፈሩ ጭቃ በጭቃ ነው። ግቢው ውስጥ ግን እግሯ አልሰመጠም። ቆም ብላ ረገጥ ረገጥ አደረገችው። መሬቱ ያው ዋልካ ነው፤ ግን ከመጋዙ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ተደፍቶበት የጭነት መኪና ሲደፈጥጠው ከርሟል።

«ዋርሳዬ፣ ይሄን ዱቄት ምን ታደርጉታላችሁ?»

«መጣያ አጥተን አሳራችንን እናያለን እንጂ ምን እናደርገዋለን!»

ድንጋዩን እርግፍ አድርጋ ትታ ሁለት ማዳበሪያ ዱቄት አስጭና ወጣች።

ሰኞ ዋልካውን ከዱቄቱ ጋር በተለያየ መጠን ለወሰች፤ አንዱ ላይ ጥቂት ኖራ ጨመረችበት። በየቅርጽ ማውጫው ብረት ጠቅጥቃ አራት ቀን ውሃ ውስጥ ነከረችው። ባዶው ዋልካ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ከቅርጹ ወጣ። ከመቶ ሃያ እጅ ዱቄትና ጥቂት ኖራ የገባበት ግን ንቅንቅ አላለም! ዓይኗን ማመን አቅቷት እንደገና ሠራችው፤ ያው ነው።

«ጋሼ! ቶሎ ይምጡ!»

መሐንዲሱ አጎንብሰው አዩና «የእብጠት መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናላ» አሉ።

«እንግዲያው በእጅዎ ይለኩት!»

ለኩት። ደግመው ለኩት። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንቺ ሴትዮ፣ ጉድ አፈላሽ እኮ!»

ወደ ጤና ጣቢያው ከሚወስደው መንገድ መቶ ሜትር ለሙከራ ተሰጣት። ከዓመት ዓመት መኪና የሚዋጥበት፣ ወላድ በቃሬዛ የምትሻገርበት ቦታ ነው። ዋልካውን ከዱቄቱና ከኖራው ጋር አስለውሳ አስጠቀጠቀችው። ዝናቡ ሲብስ ቢሮ መቀመጥ አላስቻላትም፤ ጃንጥላዋን ይዛ በረረች። አምቡላንሱ ከማዶ ብቅ ሲል ጎንበስ ብላ ጎማውን ጎማውን አየች። ጎማው መሬቱን ነካ፣ ውሃውን ግራና ቀኝ ረጨ፣ እልም ብሎ አለፈ!

ጃንጥላዋን ጥላ አጨበጨበች። የጤና ጣቢያው በር ላይ የቆመችው ነርስ ደንግጣ «እትዬ፣ ደኅና ነሽ?» አለቻት።

«አልሰመጠም እኮ! ነይ እህቴ፣ ነይ አንቺም ርገጪው!»