ያቺ አንድ ማርክ

ማስተር የምንለው ኒባራን ጉሃ፣ በእንግሊዞች ዘመን ከባሪሳል በታች ባለችው የወንዝ ዳር ከተማችን ዕድሜውን ሙሉ ሂሳብ ያስተማረን በአርጩሜና በምላሱ ነው። አርጩሜው ይሻል ነበር። እኔም ሁለቱንም ቀምሻለሁ፤ ስለዚህ እያለቀስኩ አላወራላችሁም። ግን አዝኜለታለሁ፤ እሱንም መደበቅ አልችልም።

ኩራቱ ለማንም የማይገባውን ማርክ አለመስጠቱ ነበር። ሌላ የሚኮራበትም አልነበረው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሚስቱ ሞኖሮማ ሳሪዋን ካጠበች እስኪደርቅ ድረስ ከቤት አትወጣም።

በአንዱ የብርድ ወር፣ የማትሪክ ማጣሪያ ተፈትነን ወረቀት ሲመልስልን የሱሬንን አነሳ። ሱሬን የባለርስቱ ወኪል የጎኩል ቦሱ ልጅ ነው። የመጨረሻውን ጥያቄ በትክክል ሠርቶ ሲያበቃ፣ መለኪያውን ሳይጨምር አርባ ብሎ ብቻ ጽፎ ትቶታል።

«አርባ ምን?» አለ ማስተር። «አርባ ጆንያ ሩዝ? አርባ ዝንብ? ወይስ አርባ አንተን የመሰለ አህያ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ማርክ ቀነሰበትና በዚያችው ወደቀ። ለማትሪክ ሳይቀመጥ ቀረ፤ አባቱ በስንት ደጅ ጥናት እንግሊዙ ገዢ ዘንድ ያስያዘለት የጸሐፊነት ቦታም ለሌላ ተሰጠ። ጎኩል ራሱ እስከ ማስተር ቤት መጥቶ ለምኖ ነበር።

«አንዲት እኮ ናት፣ ማስተር!»

«አንዲትም ብትሆን ውሸት ውሸት ናት» ብሎ ከደጅ መለሰው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዝናብ ሳይገባ ጎኩል ትልቅ ሂልሳ ዓሣ አስይዞ፣ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቶ ተመልሶ መጣ። የማስተርን ልጅ ኪሮዳን ለሱሬን ፈለጋት። «አንድ ሩፒ አልጠይቅዎትም። ቀጥ ያለ ሰው ዘመድ ይሁነኝ ብዬ ነው» አለ።

«የኪሮዳ አባት፣ ከሴቷ ቤት ጥሎሽ ሳይጠይቅ የመጣ ሙሽራ ያስፈራኛል» አለች ሞኖሮማ።

«ምን ያስፈራሻል? እውነትን የሚያከብር ሰው አይተሽ አታውቂም?» አላት። ሞኝ! በራሱ እውነት ታወረ።

የሠርጉን ሰዓት ኮከብ ቆጣሪው ቆረጠ፤ ከብቶች አቧራ እያስነሱ ሲገቡ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ገላዋ በእርድ የታሸ ሙሽራ ያ ሰዓት ሳትዳር ካለፈባት፣ ዳግም የሚጠይቃት የለም። ጎኩልም ይህን እንደ እኛው ያውቃል።

የሙሽራው ጀልባ መጣ፤ ግን ዳር አልያዘም። ወንዙ መካከል እንደቆመ አንድ አሽከር በትንሽ ታንኳ ወረደና የሱሬንን የፈተና ወረቀት ከነቀይ ቀለሙ ማስተር ፊት ዘረጋ።

«ጌታዬ፣ ያችን አንድ ማርክ ይጨምሩና እንወርዳለን ብለዋል።»

እንግዳው ሁሉ ወደ ማስተር ዞረ። የሠርጉ ካህን ፀሐይዋን ያያሉ። ሞኖሮማ ከሴቶቹ መካከል ሮጣ ወጥታ ባሏ እግር ላይ ተደፋች። «ይጻፉ! ልጄን አይግደሉብኝ!» ማስተር ቀና ብሎ ኪሮዳን አያት። ቀይ ሳሪዋን ለብሳ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆማለች። ብዕሩን አነሳ። ጻፈ።

አሽከሩ ወረቀቱን ወሰደ። ጎኩል ጀልባው ላይ ተነስቶ፣ ከዳር እስከ ዳር እንዲሰማ ጮኸ።

«አንድ ጨምሯል! አንድ ምን? አንድ ማርክ ነው ወይስ አንድ ሴት ልጅ? ማርክ ከሚሸጥ ቤት እኔ ሙሽራ አልወስድም! ቅዘፉ!»

ቀዛፊዎቹ ሳቁ። ሱሬን የሙሽራ ዘውዱን እንደደፋ አንገቱን ሰበረ። ፀሐይዋ ዛፎቹን ልትነካ ስትል ሰዉ ይተራመስ ጀመር፤ ሚስት የሌለው ወንድ ተፈለገ። ቢፒን ዴ የሚባል፣ ሁለት ሚስት የቀበረ ጥርሰ ወላቃ ሽማግሌ ከእንግዶቹ ጋር ዓሣ እየበላ ነበር። እጁን አስታጠቡትና በሙሽራው ወንበር ላይ አስቀመጡት።

በማግስቱ ኪሮዳን ወደ ወንዙ ሸኘናት። ከዚያ ወዲያ ዓሣ ሻጩ እንኳ ማስተርን ባየ ቁጥር «አንድ ልጨምርልዎ?» ይለው ነበር፤ እሱ ግን ለማንም አይመልስም። በጆሮው የቀረው ሌላ ነው። በዚያ የሽኝት ጠዋት ልጁ ጀልባው ላይ ከወጣች በኋላ የሳሪዋን ጫፍ ገለጥ አድርጋ፣ ሳታለቅስ ጠየቀችው።

«አባባ፣ መስጠትዎ ካልቀረ፣ ምናለ ያኔውኑ ሰጥተውት ቢሆን?»

ቢፒን ጉሮሮውን ጠርጎ ቀዛፊውን «በል ሂድ እንጂ፣ ፀሐዩ ሳይበረታብን» አለው።