በጭድ ክምር ውስጥ የከረመው አልበም

ወልድያ ውስጥ ሙዚቃ ቤት በተቀጠርሁበት ቀን ባለቤቱ የሸክላ ማጫወቻው ፊት አቁሞ፣ «መርፌውን በትንፋሽህ እንኳ እንዳትነካው» አለኝ። በሳምንቱ ማጫወቻው ሲበላሽ ፈትቼ የሠራሁት እኔ ነኝ። ያስተማረኝ የለም። ከዚያ ወዲህ ከደሴ እስከ ቆቦ የሸክላ ነገር ሲነሣ የሚጠራው የእኔ ስም ነው።

ሌሎቹ ትዝታና አምባሰል በካሴት ሲያባዙ፣ እኔ ገዢ የሌለውን ሰበሰብሁ፦ ኦርጋን፣ ሳክስፎንና ቤዝ ጊታር የሚፎካከሩበትን የድሮ ፈንክ፣ ሶልና ጃዝ።

በስተርጅናዬ አንድ የአዲስ አበባ አሳታሚ ምርጦቹን በአንድ አልበም ላውጣቸው አለኝ። መርጬ ጨርሼ ወደ ኮምፒውተር ልገለብጥ ስል ጦርነቱ ደረሰ፤ መብራትም ጠፋ። የብዙዎቹን ሸክላዎች ሌላ ቅጂ አይቼ አላውቅም። እነሱ ከጠፉ አልበም የለም።

ሸክላዎቹን በአህያ ጭኜ ግራና ወደምትባለው ከተማ፣ ዘሐራ ዘንድ ሄድሁ። ዘሐራ እህል ነጋዴ ናት፤ ሰርጓን ያደመቅሁት እኔ ነኝ። ሸክላ ሙቀት ያጣምመዋል፤ ስለዚህ በላስቲክ ጠቅልዬ ቀዝቃዛው የጤፍ ጎተራዋ ውስጥ ልቀብረው ተነሣሁ።

«ተው ጋሼ» አለች። «የእርስዎን የጥሩምባ ሸክላ ማን ይሰርቃል? የሚፈለገው ጤፉ ነው። ጤፉን ሲዝቁ ካገኙት ሰባብረው ይጥሉታል። ጭዱ ውስጥ ያድርጉት።»

«ክብደት ካረፈበት ይጎብጣል።»

«እንግዲያ አቁመው ይቅበሩት። ባለሙያው እርስዎ አይደሉ?»

አቁሜ፣ ግራና ቀኙን በሳንቃ ደግፌ ቀበርሁት፤ እኔም እዚያው እሷ ዘንድ ከረምሁ።

ታጣቂዎች መጥተው ጎተራውን ገለበጡ፤ ጤፉን ጫኑ። አንደኛው የጭዱን ክምር ተደግፎ ሲጋራ አወጣ። ክብሪቱን ሲጭር ዘሐራ ቀረበችው።

«ልጄ፣ እህሉን ወሰዳችሁ። ለላሜ የቀረችኝ ይቺ ናት። ለአላህ ብለህ እሳቱን ራቅ አድርገው።»

አጥሩ ጋ ሄዶ አጨሰ።

ቀጥሎ ያስቸገረችኝ ላሟ ናት። ጭዱ በየቀኑ ሳሳ።

«ይህቺን ጥግ ተይልኝ» አልኋት።

«ላሟ ለእርስዎ ሙዚቃ ትጹም?»

በዚያ ዕድሜዬ በየማሳው እየዞርሁ የማሽላ አገዳ ተሸከምሁ። ላሟ አገዳ በላች፤ ጭዱ ለአልበሙ ቀረ።

መብራት ሲመለስ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ አጠብሁ። አንድም የጎበጠ አልነበረም። ለመገልበጥ ሌላ ሰው አላስነካሁም።

አልበሙ ሲዘጋጅ የዘሐራ ስም ከእኔ ስም ሥር እንዲጻፍ ጠየቅሁ።

«ሙያዋ ምን ይባል?» አለ አሳታሚው።

«እህል ነጋዴ።»

እንዲያ ተብሎ ታተመ። ሸክላ ለምታስቀምጡ ባልደረቦቼ የምላችሁ ይህን ነው፦ በክፉ ቀን ብርቅ ነገር ከሚበላ ነገር ጋር አይደበቅም።